እናቶች ለምን ይደብቁናል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ የተመደበች ሐኪም ሻይ እየጠጣን «ዶክተር፣ እናቶች ለምን ይዋሹኛል?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ጦሳ ተራራ ላይ የተኛውን ጉም ሳይ ቆየሁ። ለእሷም ለእኩዮቿም ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ነሐሴ ነበር። ደሴ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። አንዲት እናት የአሥር ወር ልጇን አዝላ ከኩታበር በኩል መጣች። ተቅማጥ ነው፤ ልጁ ገና ብዙ ውሃ አላጣም። በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ ኦአርኤስ፣ ሰጠኋትና «በንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ አጠጪው» አልኳት። ወረፋው በር ድረስ ነበር። በስንት ውሃ እንደምትበጠብጠው አልነገርኳትም። ቤቷ ምን ዕቃ እንዳለም አልጠየቅኳትም።

በሦስተኛው ቀን ልጁ እየተንዘፈዘፈ መጣ። አንድ ሊትር ውሃ የሚፈልገውን ፓኬት በአንድ የሻይ ብርጭቆ ነበር የበጠበጠችው። በደሙ ውስጥ ጨው በዝቷል። «ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባት። ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገች።

«አንቱ በጥብጪ አሉኝ እንጂ፣ በስንት ውሃ መቼ ነገሩኝ?»

ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። የልጁን አፍ ከፍቼ ሳይ ድዱ በምላጭ ተበጥቷል። «ማን ነካው?» ስላት «ማንም» አለች። ቁስሉ ገና ትኩስ ነበር።

ልጁ ዳነ። በሳምንቱ መልሺው ብያት ነበር፤ አልመጣችም። ብዙ ወራት የክፍሌ በር በተከፈተ ቁጥር እሷ ትሆን እያልኩ ቀና እል ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ባለ አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድ አይጠፋም። ውሃው እስከየት እንደሚሞላ እናትየዋ ራሷ በጣቷ ታሳየኛለች። ከኦአርኤሱ ጋር የሚሰጠውን የዚንክ እንክብልም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ አሥር ቀን እንደምትሰጠው በራሷ አፍ ትነግረኛለች።

እናንተ የዛሬዎቹ ከእኛ ብዙ ታውቃላችሁ። ግን ስልክ እያያችሁ እናትን ስትጠይቁ ሳይ እናደዳለሁ። እኛ የሰው ዓይን እያየን ነበር የምንጠይቀው። እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ እኔስ ያችን ሴት መች አየኋት?

እናቴ ሲያመኝ ዳማከሴ አሽታ ታጠጣኝ ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሐኪም ቢቆጣት እሷም ትደብቅ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ «አብሽሪ» በሏት። ቀጥሎ «ቤት ምን ሞከራችሁለት?» በሉ፤ ፊታችሁ ሳይለወጥ። ምላጭ ሲሆን እኔም እስከ ዛሬ ድምፄ ከፍ ይልብኛል፤ ያኔ ወጣ ብዬ ተንፍሼ እመለሳለሁ።

ለጠየቀችኝ ልጅ፦ ሰኞ ጠዋት ተመላላሽ ክፍል አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ሃይላንዱን ይዤ እመጣለሁ።