ለቤት ቀረጻም ለመድረክም የሚሆን ዕቃ፦ በብድር ስፒከር ከመግዛትሽ በፊት

ውድ ጠያቂያችን፣

በባሕር ዳር የሂሳብ አያያዝ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ቋሚ ሥራ እስክታገኚ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ማታ በአንድ ሆቴል ክራር እየተጫወትሽ እንደምትዘፍኚ፣ ለአንድ ምሽት 2,500 ብር እንደሚከፈልሽና ከዕቁብ 70,000 ብር እንደደረሰሽ ጽፈሽልናል። ዕቃ ሻጩ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮችና አንድ የስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይክ እንድትገዢ መክሮሻል፤ አጎትሽም የጎደለውን 80,000 ብር ሊያበድሩሽ ፈቃደኛ ሆነዋል። አንቺ የጠየቅሽን ግን ቤት ለመቅዳትም ለትንንሽ መድረክም የሚሆን ዕቃ በአቅምሽ እንዴት እንደምትመርጪ፣ በተለይም ሚክሰር (ድምፆችን ቀላቅሎ የሚያስተካክል መሣሪያ) ወይስ ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) እንደሚሻልሽ ነው።

ምክሬን በግልጽ ላስቀምጥ፦ ብድሩን አትውሰጂ፤ ስፒከሩንም ለጊዜው ተዪው። 80,000 ብር ማለት የ32 ምሽት ሙሉ ክፍያሽ ነው። በሳምንት ሁለት ምሽት ስትሠሪ ለትራንስፖርትና ለምግብ አንድም ብር ሳታወጪ አራት ወር ገደማ ለዕዳው ብቻ ትሠሪያለሽ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሆቴሉ የራሱ ሞንታርቦ አለው፤ ግለሰቦች ለሚጠሩሽ ዝግጅትም በኪራይ ይገኛል። ትልቅ ስፒከር ቤት ውስጥ ለቀረጻ የሚሰጥሽ ጥቅም የለም፤ በባጃጅ ተሸክመሽው መዞርም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ስለዚህ ገንዘብሽን በሁለቱም ቦታ ለሚያገለግለው ዕቃ አውዪው።

በሙያ አማካሪነቴ ከዕቃው ዓይነት አስቀድሜ የምጠይቀው ዕቃው የትኛውን የሥራ በር ይከፍታል የሚለውን ነው። ሰርግ ወይም ምርቃት የሚያዘጋጅ ሰው ሆቴሉ ድረስ መጥቶ አያዳምጥሽም፤ በቴሌግራም የላክሽለትን የአንድ ደቂቃ ናሙና ሰምቶ ይወስናል። በዚህ ምክንያት ጥራት ያለው የቤት ቀረጻ ለመድረክ ሥራሽ ዋነኛው ማስታወቂያ ነው። በዚያው ዕቃ የማስታወቂያና የትረካ ድምፅ ለሌሎች መቅዳት ስለምትችዪም፣ ቋሚ ሥራ ይዘሽ እንኳ በትርፍ ጊዜሽ የምትሠሪው ይኖርሻል።

መጀመሪያ የምትገዢው ማይክ ዳይናሚክ ይሁን። ኮንደንሰር ማይክ ጥቃቅን ድምፅ ሁሉ የሚለቅም በመሆኑ በተስተካከለ ስቱዲዮ ውስጥ እጅግ ጥሩ ነው፤ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ባለ ክፍል ግን ዝናቡን፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንና የመንገዱን ጩኸት አብሮ ይቀዳል፤ መድረክ ላይም ለፉጨት (የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባ ለሚፈጠረው ጩኸት) የተጋለጠ ነው። ዳይናሚክ ማይክ ከአፍሽ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ በዋናነት ያንቺን ድምፅ ይይዛል፤ ኮንደንሰር ማይክ የሚፈልገውን ባለ 48 ቮልት ኃይልም አይፈልግም። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው ሹር ኤስኤም58 ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ አስመስለው የተሠሩ በርካታ ስለሆኑ ተጠንቀቂ። ዋናው ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ነው፤ በእጅሽ ቀለል ካለሽና ዋጋው ከሌሎች ሱቆች በጣም ከወረደ አትግዢው። ስሙ ብዙም ያልታወቀ ነገር ግን በራስሽ ጆሮ የሞከርሽው ርካሽ ዳይናሚክ ማይክ ከሐሰተኛ ታዋቂ ማይክ ይሻልሻል።

የክራሩ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክርሽ ናይለን እንደሆነ ጽፈሻል፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ማግኔታዊ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) የሚሠራው በብረት ክር ብቻ ስለሆነ ማንም ቢያግባባሽ እርሱን አትግዢ። ለአንቺ የሚሆነው በክራሩ ገላ ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን የሚወስድ ፒዬዞ የሚባለው ነው። ፒዬዞን በቀጥታ በተራ የሚክሰር መግቢያ ላይ ብትሰኪው ድምፁ ቀጭንና ሻካራ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ ከፍተኛ የመግቢያ ኢምፒዳንስ (መግቢያው ለኤሌክትሪክ ምልክቱ ያለው ተቃውሞ) ይፈልጋል። ስለዚህ በመካከል አክቲቭ ዲአይ ቦክስ ያስፈልግሻል። ይህች ትንሽ ሣጥን የክራሩን ድምፅ በረጅም ገመድ ያለ ጉምጉምታ ወደ ሆቴሉ ሚክሰር ታደርሳለች፤ ቤት ውስጥም ለቀረጻ ትሆናለች። ብዙ ጀማሪዎች ንቀው ይዘሏታል፤ እኔ ግን ከስፒከሩ በፊት አስቀድማታለሁ።

ሚክሰር ወይስ ሳውንድ ካርድ የሚለው የአንቺ ዋና ጥያቄ ነው። ሳውንድ ካርድ ኃይሉን ከላፕቶፕሽ ስለሚወስድ መብራት ቢጠፋም መቅዳትሽን ትቀጥያለሽ፤ ድምፅና ክራርንም ለየብቻ ይቀዳል። ይሁን እንጂ መድረክ ላይ ድምፅሽን በእጅሽ ለማስተካከል አይመችም። የዩኤስቢ መውጫ ያለው አነስተኛ ሚክሰር ግን፣ ለምሳሌ አራት የማይክ መግቢያ ያለው ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩ፣ የድምፅሽን መጠን፣ የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ሚዛንና ሪቨርብ (ማስተጋባት) በራስሽ እንድትቆጣጠሪ ያስችልሻል። ጉድለቱ ወደ ኮምፒውተር የሚልከው ግራና ቀኝ ሁለት መስመር ብቻ መሆኑ ነው። ለአንድ ድምፅና ለአንድ ክራር ግን ይህ ይበቃል፦ ቤት ስትቀጂ የማይኩን ፓን (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚመራውን ቁልፍ) ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ የክራሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙሪ፣ ሪቨርቡን አጥፊ፤ ሁለቱም በየራሳቸው መስመር ተለይተው ይገባሉ። ሆቴል ስትሄጂ ሁለቱንም ወደ መሐል መመለስ አትርሺ፤ ካልመለስሽ የሆቴሉ ስፒከር በግራ መስመር ብቻ የተገናኘ ከሆነ ክራርሽ ጨርሶ አይሰማም። ሥራሽ በመድረክ የሚጀምር በመሆኑ ለአንቺ ሚክሰሩን እመርጣለሁ። ትረካና ማስታወቂያ ብቻ ልትሠሪ ብታስቢ ኖሮ ግን ምክሬ ሳውንድ ካርዱ ይሆን ነበር።

የጆሮ ማዳመጫሽ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ዝግ ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ የምታዳምጪው የክራር ቅጂ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ለሶፍትዌር ገንዘብ አታውጪ፤ ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ለጀማሪም ይበቃል። ስትቀጂ 24 ቢት ምረጪ፤ ከፍተኛው ድምፅሽ በሶፍትዌሩ የድምፅ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አድርጊ፤ ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። ግድግዳው እንዳያስተጋባ ከጀርባሽና ከጎንሽ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መስቀል ሻጩ ከሚያሳይሽ ስፖንጅ ያላነሰ ይረዳል።

ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብሽ። ጉምጉምታ ሲያስቸግር የሶኬቱን የመሬት እግር የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ድርጊት ነው። ዲአይ ቦክሱ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚል፣ የድምፅ ገመዱን የመሬት ግንኙነት ብቻ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ እርሱን ሞክሪ፤ የላፕቶፕሽንም ቻርጀር ነቅለሽ ልዩነቱን አዳምጪ። መብራት ሲጠፋ ሚክሰሩን ከማከፋፈያው ንቀዪ። ስትከፍቺ ስፒከሩ መጨረሻ ይከፈት፤ ስትዘጊ መጀመሪያ ይዘጋ።

ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ስለሚዋዥቅ ባለፈው ዓመት በሰማሽው ዋጋ አታቅጂ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሱቆች ጠይቂ። ያገለገለ ሚክሰር ካገኘሽ እያንዳንዱን መግቢያ በማይክ ሞክሪ፤ ቁልፉ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ዋጋው ይቀነስልሽ ወይም ተዪው። ቅደም ተከተልሽ ማይክ፣ ፒዬዞና ዲአይ ቦክስ፣ ሚክሰር፣ ማዳመጫ ይሁን፤ ከ70,000 ብሩ 10,000 ብር ለገመድ፣ ለማይክ መቆሚያና ለድንገተኛ ጥገና ሳትነኪ አስቀምጪ። ገንዘቡ ካልበቃ ሚክሰሩ ይዘግይ፤ ሆቴሉ የራሱ ስላለው በማይክና በዲአይ ቦክስ ብቻ መሥራት ትችያለሽ።

ዕቃውን ከመግዛትሽ በፊት ግን የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ ሚክሰራቸው ባለሦስት እግር የማይክ መግቢያ ስንት ክፍት እንዳለው፣ እንዲሁም የራስሽን ዕቃ ይዘሽ ብትመጪ የምሽቱ ክፍያ ይጨመር እንደሆነ። መልሳቸውን ከሦስቱ ሱቆች ዋጋ ጋር ላኪልኝ፤ ዝርዝሩን አብረን እናያለን።