እናቴ ደቅ ደሴት ናት፣ ግፊቷን ከባህር ዳር ሆኜ እንዴት ልከታተል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ ጣና ላይ ደቅ ደሴት ነው የምትኖረው፣ 68 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። ለቀጠሮ ወደኔ ባህር ዳር በጀልባ ስትመጣ ሰዓታት ይፈጃል፣ ከሰዓት ማዕበል ከተነሳ ደግሞ መመለሱም አይሆንላትም፣ ይሄ ሁሉ ተለክታ ያንኑ ኪኒን ተጽፎላት ለመሄድ ነው። ባለፈው ኪኒኑ አልቆባት 2 ሳምንት ዝም ብላ ቆይታ በኋላ ነው የነገረችኝ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ግፊት የሚለካ ስማርት ሰዓት ልላክላት ይላል፣ የደሴቱ ልጆች ደግሞ ብር አዋጥተን መድኃኒት የሚያመላልስ ድሮን እንግዛ እያሉ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም ያስደነገጠኝ ያ 2 ሳምንት ነው። የግፊት ኪኒን ሲቋረጥ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል፣ ግፊቱ ግን ውስጥ ለውስጥ እየወጣ ነው፣ ስትሮክ ድንገት የሚጥለው እንደዚህ ዓይነቱን ሰው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪማቸውን "የሚመጡት በጀልባ ነው፣ የ3 ወር ይጻፍልን" በይው፣ ግፊታቸው ከተረጋጋ እሺ ሊል ይችላል። ኪኒኑ ሊያልቅ 2 ሳምንት ሲቀረው እንዲጮህ ያንቺ ስልክ ላይ አላርም ሙዪ፣ የሳቸው ላይ አይደለም።

ሰዓቱ ይቅርባችሁ። ከእጅ አንጓ የሚወጣው ቁጥር መድኃኒት ለመጨመርና ለመቀነስ የሚታመን አይደለም፣ አንዳንዱማ በክንድ መለኪያ ቶሎ ቶሎ ካልተስተካከለ ጭራሽ አይሠራም። ወንድምሽ በክንድ የሚታሰር፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አውቶማቲክ መለኪያ ይግዛ፣ የሚታሰረው ጨርቅ ደግሞ ለክንዳቸው ልክ ይሁን፣ ከጠበበ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። 5 ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባቸውን ደገፍ ብለው፣ ሳያወሩ፣ ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ጠዋት 2 ጊዜ ማታ 2 ጊዜ ይለኩ። አንድ የልጅ ልጅ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ፣ ኢንተርኔት ከሌለ በኤስኤምኤስ፣ እሱም እምቢ ካለ ደውሎ ቁጥሩን ይንገርሽ፣ ያው ሁለት ቁጥር ነው። የሳምንቱ አማካይ ከ135/85 በላይ ከሆነ ለሐኪሙ አሳዪው። 180/120 ከደረሰ ትንሽ አርፈው ይለኩና ካልወረደ በዛው ቀን ለሐኪሙ ይደወል። አፍ መንጋደድ፣ አንድ ጎን መዛል፣ ንግግር መኮላተፍ ወይ ደረት ላይ ውጋት ካለ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ጀልባ ይነሳ።

ለደሴት ሰው የስልክ ትልቁ ጥቅም ይሄ ይመስለኛል፣ ማን መሻገር እንዳለበት ማን ቤቱ መቆየት እንደሚችል ጀልባው ሳይነሳ መወሰን። ስኮትላንድ ውስጥ ኒር ሚ የሚሉት የቪዲዮ ቀጠሮ አለ፣ የደሴትና የተራራ ሰውም በሱ ይታከማል፣ ኮቪድ ሲመጣ በሳምንት ከ300 ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወር ውስጥ ወደ 17 ሺህ ወጣ። የነሱ ኔትወርክ እኛ ጋ የለም፣ ሐሳቡ ግን በተራ ስልክም ይሠራል።

ወደ ድሮኑ ልምጣ። ሰዎቹ ከሜዳ ተነስተው አይደለም ያሰቡት። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው ቫኑዋቱ በምትባል አገር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ኤሮማንጎ የምትባል ደሴት ላይ ድሮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በ25 ደቂቃ በርሮ ክትባት አድርሷል፣ የ1 ወር ሕፃን በሱ ተከትቧል። ለኛ የሚቀርበው ደግሞ ታንዛኒያ ውስጥ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያለችው የኡኬሬዌ ደሴት ነች፣ ድሮን ከምዋንዛ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ በርሮ መድኃኒት አድርሶላታል፣ በምድር ዞሮ ቢኬድ 6 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ። ግን ያ የ6 ወር ሙከራ ነበር፣ ከጀርባው ዕቃ አመላላሹ ዲኤችኤልና የጀርመን መንግሥት የልማት ድርጅት ነበሩ፣ ዲኤችኤል ራሱ በ2021 የድሮን ሥራውን አቁሟል። እነሱ ያልዘለቁበትን እናንተ በመዋጮ፣ ያለ ቴክኒሻን፣ ያለ መለዋወጫ እንዴት ትዘልቁበታላችሁ? የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድም ያስፈልጋል፣ ከዛ ደግሞ እኛ አካባቢ ሰው በሰማይ የሚያልፍ ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ሕዝቡ ሳይጠየቅ የሚደረግ ነገር አይደለም። ደሞም ምጥ የያዛትን ሴት ያ ድሮን አያሻግራትም።

ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ደሴቱ ላይ ያሉትን ጤና ኤክስቴንሽኖች አነጋግሯቸው። በታብሌት የሚመዘግቡበት ኢ-ቺስ የሚባለው ሲስተም ያለ ኢንተርኔትም መዝግቦ ኔትወርክ ሲገኝ የሚልክ ነው፣ ባትሪው ከሞተ ግን ያው ወደ ወረቀት ነው፣ አንድ ደህና ሶላር ምን ያህል እንደሚያግዝ እነሱ ይንገሯችሁ። የተረፈውን ለድንገተኛ ጀልባ ነዳጅ አስቀምጡት፣ ማታም ቢሆን እሺ ብለው የሚነሱ የሁለት ሦስት ጀልባ ነጂዎች ስልክ የሁሉም ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ጀልባው እንደተነሳ ባህር ዳር ያለ ሰው 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ወደቡ ላይ እንዲጠብቅ ይጠይቅ።

ለወንድምሽም ዛሬውኑ ደውዪለትና መለኪያውን ከነትርፍ ባትሪው ይላክ።