መምህር፣ ለጥንቃቄ ብለን ጽዋ ብንለይባት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር እንዴት ከረሙ፣ እኛ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ በየወሩ በ23 የምንጠጣው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር አለን። በቅርቡ አንዷ አባላችን ሆስፒታል የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሚሰጥበት ክፍል ስትወጣ ሌላዋ አየቻትና ወሬው ተዳረሰ። አሁን አንዳንዶቹ ለብቻ ብርጭቆ ይቀዳላት፣ ተራዋ ሲደርስም እንዝለላት እያሉ ነው። እኛ አንጠላትም፣ ለጥንቃቄ ነው። ይሄ ኃጢአት ይሆንብናል? ደግሞስ ከመድኃኒቱ ይልቅ ጸበል ብትጠመቅ አይሻላትም ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳላለባብስ ልንገርሽ፣ አዎ ኃጢአት ነው።

የማኅበሩን ሥርዓት አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እሱን ልተወው። እኔን የከበደኝ "አንጠላትም፣ ለጥንቃቄ ነው" ያልሽው ነው። ይሄን ነገር በሰንበቴም በእድርም በለቅሶ ቤትም ስንቴ ሰምቼዋለሁ መሰለሽ። እጠላታለሁ ብሎ ሰው የሚያገል እኮ አላጋጠመኝም፣ ሁሉም ለጥንቃቄ ነው የሚለው። ጽዋው ላይ ደግሞ የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ፣ በደም፣ ደም በነካ ስለትና መርፌ፣ ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ በምራቅ፣ በብርጭቆ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። እንደውም መድኃኒቷን በየቀኑ ሳታቋርጥ ወስዳ በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን (ቫይራል ሎድ የሚሉት) በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሶ እዚያው ከቆየ ለገዛ ባሏ እንኳን በግንኙነት አታስተላልፍም፣ ይሄ በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው። ታዲያ እናንተ በጠላ ምን ትሆናላችሁ? ቅዳሴ ላይ ስትቆርቡ ክቡር ደሙን በአንድ እርፈ መስቀል አይደለም እንዴ የምትቀበሉት? እዚያ ከማን ጋር እንደተካፈላችሁ ማን ጠየቀ?

ነገሩ ጥንቃቄ ስላልሆነ ነው። ውስጡ ሲፈተሽ "ምን ሠርታ አመጣችው" የሚል ፍርድ አለበት። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው "ማን ኃጢአት ሠራ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ" ብለው ጠይቀዋል፣ ጌታም እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ነው የመለሰላቸው (ዮሐ 9)። እሷ እንዴት እንደያዛት አታውቂም፣ ማወቅም የለብሽም፣ ከባሏ ይሁን ከእናቷ ስትወለድ ይሁን ምን አገባን። በራሷ ስህተት ቢሆንስ? የእኛ ስህተት በሽታ ሆኖ በካርድ ስላልተጻፈ ነው እንጂ ወደ ጽዋው ማን ይቀርብ ነበር?

አሁን ደግሞ ይሄ ነገራችሁ የት እንደሚያደርስ ስሚኝ። ሰው ሲገለል መጀመሪያ የሚያደርገው መደበቅ ነው። ፒያሳ እየኖሩ ሰው እንዳያየኝ ብለው መድኃኒታቸውን አዳማ ድረስ ሄደው የሚወስዱ አሉ፣ የትራንስፖርት ብር ያጡ ወር ደግሞ ቀጠሮው ያልፋቸዋል። ከብልቃጡ ላይ ወረቀቱን ልጠው የሚጥሉ አሉ፣ እንግዳ ቤት ሲያድሩ ወይ ለንግሥ ሲሄዱ ከሰው ፊት ማውጣት ፈርተው ሳይውጡ የሚያድሩ አሉ። መድኃኒቱ ደግሞ ሲቆራረጥ ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛል፣ መድኃኒቱንም ይለምደዋል፣ ከዚያ ሐኪሙ ሌላ መፈለግ አለበት። አገራችን ይሄን መድኃኒት በነፃ መስጠት የጀመረችው በ1997 ዓ.ም ነው፣ ከዚያ በፊት ስንቱን ወጣት ቀብረናል፣ ያኔ መድኃኒት ስላልነበረ ነው። ዛሬ በነፃ እየተሰጠ ሰው የእኛን ዓይን ፈርቶ ከሞተ ምን ብለን ነው የምንመልሰው? መመርመር ያለባት እርጉዝም እንደዚሁ ናት፣ ወሬውን ፈርታ ካልተመረመረች ልጇን ማዳን ሲቻል ልጁም ሊያዝ ይችላል።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ጸበል ትጠመቅ፣ ማን ከለከላት፣ እምነቷ ያድናታል። ግን "ከመድኃኒቱ ይልቅ" የሚለውን ከየት አመጣሽው? እንጦጦ ማርያም ሄደው "መድኃኒት ከዋጥኩ አላመንኩም" ብለው አቁመው የተጎዱ ብዙ ናቸው፣ ይሄን ስናገር ልቤ ያዝናል ምክንያቱም ያሳሳታቸው እንደኛ ያለ ሰው ነው። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። እሳቸው ከመናገራቸው በፊትም መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። ስለዚህ ጠዋት ተጠምቃ ማታ ኪኒኗን ብትውጥ አንዱ አንዱን አያፈርስባትም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ማርቆስ ምዕራፍ 1 ላይ ያለውን ለምጻም አስቢው። ጌታ በቃሉ ብቻ ማዳን ይችል ነበር፣ ግን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ልብ በይ፣ ከዳነ በኋላ አይደለም የዳሰሰው፣ ለምጹ ገና ላዩ ላይ እያለ ነው። ያንን ሰው ከሕመሙ ይልቅ ሰው ከነካው መቆየቱ አይደለም ወይ የሚያመው? እናንተ ደግሞ በቅዱሱ ስም ተሰብስባችሁ ብርጭቆ ትለያላችሁ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የብርጭቆው ነገር ይቅር፣ ተራዋም አይዘለል፣ ቤቷ ሲደርስ እንደማንም ቤት ግቡና ብሉ ጠጡ። ያየቻትን ልጅ ለብቻዋ ጠርተሽ አፏን እንድትሰበስብ ንገሪያት፣ የሰው የሕክምና ምስጢር በጽዋ ላይ የሚወራ አይደለም። "ይቅርታ እንጠይቃት" ብላችሁ ተሰብስባችሁ ደግሞ እንዳትሄዱባት፣ ማወቃችሁን ጨርሶ ላትሰማ ትችላለች፣ መናገር ስትፈልግ ራሷ ትናገር። ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ ማለቴ ነው፣ እምቢ ካለ ጉዳዩን ለንስሐ አባታችሁ አቅርቡት፣ ስሟን ግን እሳቸውም ፊት ቢሆን አታንሱ።