ቡታጅራ ለምትሄዱት ልጆቼ

ልጆቼ፣ ከነገ ወዲያ የአዲሱን የክላውዶ (የመኪና ምርመራ) ቅርንጫፍ በር ትከፍታላችሁ። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አንዳንዶቻችሁ ግን ግዞት የተላካችሁ ይመስል ፊታችሁን አጥቁራችኋል። አይቻችኋለሁ።

ክላውዶ ሲባል ሰው ዓይን የሚገባው የፍሬን ማሽኑና ቱታ የለበሰው ቴክኒሻን ነው። መዝገብ ቤትን ማን ያስታውሳል? ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነውና ባዳላ አትፍረዱብኝ።

ጀማሪ ሳለሁ የአንድ አይሱዙ ሻንሲ ቁጥር ስገለብጥ 8ቱን 3 አደረግኩት። ሊብሬው ዘይት ጠጥቷል፤ ወጥቼ ከሻንሲው ላይ እንዳላይ ደጁ ዝናብ ነው፤ ምሳ ሰዓትም ደርሷል። ሹፌሩ የማረቆ በርበሬ ጭኖ ሲሄድ ትራፊክ አስቆመው፤ ወረቀቱና መኪናው አልገጠሙም። ሁለት ቀን ቆመ። ሸራው ያፈስ ነበርና በርበሬው ራሰ። ተመልሶ ሲመጣ ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሻጋታ የጀመረው እፍኝ በርበሬ ከኪሱ አውጥቶ ባሕር መዝገቤ ላይ ዘረገፈውና “እህቴ፣ ይሄንንም መዝግቢልኝ” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ዓይን የለመደውን ነገር ሳያይ ያልፋል፤ ከኋላ ሲነበብ ግን ይነቃል። የአሁኖቹ መኪኖች ቁጥር 17 አሃዝና ፊደል ነው፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይገቡበትም። ስለዚህ “ኦ” ጽፋችሁ ካገኛችሁት ተሳስታችኋል። የድሮዎቹ ቁጥራቸው ያጥራል፤ ለእነሱ ሻንሲው ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ በእርሳስ አሹት።

ማህተሙ ደግሞ አለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላችሁ ቡና ያጠጣችሁ ጎረቤት፣ መኪና ያለው የአማች ልጅ ይዞ ይመጣል። “የሦስተኛ ወገን መድኑን ነገ ያመጣል፣ አሁን ማህተሟን ጣል አድርጊለት” ይላል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለዚያ መድን መንዳትን ይከለክላል፤ አዋጅ ግን አትጥቀሱበት፣ ጎረቤት ያስቀይማል። “የማህተሙ መሳቢያ ቁልፍ ኃላፊው ጋ ነው” በሉት። ውሸት እንዳይሆንባችሁ ቁልፉን ጠዋት ለኃላፊው ስጡት።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አፍጥጣችሁ አትጠብቁ፤ ባሕር መዝገቡን ከዛሬው አስምሩት። እስክሪብቶ ሁለት ሁለት ያዙ፤ አንዱን ሹፌሮች ይወስዱታል።