ሜሪላንድ እየኖርን ካሊፎርኒያ ካለ ትረስት ለሚመጣ ገቢ ታክስ እንዴት ይሠራል?

እህቴ፣ መጀመሪያ የአክስትሽን ነፍስ ይማር። ጥያቄሽ ብዙዎቻችንን ስለሚነካ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

አንቺ ሲልቨር ስፕሪንግ ነሽ። አክስትሽ ሎስ አንጀለስ ያለውን ቤቷን፣ ከባንክ ሒሳቧና ከአክሲዮኖቿ ጋር በትረስት፣ ማለትም ባለአደራ ለወራሽ በሚያስተዳድረው የንብረት አደራ፣ ትታልሻለች። ቤቱ ተከራይቷል። አሁን ኬ ዋን የሚባለው፣ ከትረስቱ ገቢ የአንቺን ድርሻ የሚያሳየው ወረቀት ደርሶሽ «ለካሊፎርኒያም ታክስ መሥራት አለብኝ ወይ?» ብለሻል። አዎ፣ አለብሽ። ግን ወረቀቱ ላይ ባለው ገቢ ሁሉ አይደለም።

እኔና እህቴም እዚሁ ሜሪላንድ ሆነን ከአጎታችን ተመሳሳይ ነገር ደርሶን በየዓመቱ እንሠራዋለን። ታክስ ሰሪዎች ጋ ስንሄድ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን «ትረስቱ የየት ስቴት ነው?» ብለው ነው። ለአንቺ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን «ገንዘቡ ከምን መጣ?» የሚለው ነው። የቤት ኪራይ ቤቱ የቆመበትን ስቴት ይከተላል፤ ስለዚህ ካሊፎርኒያ ታክስ ታደርገዋለች። የባንክ ወለድና የአክሲዮን ትርፍ ክፍያ ግን በአብዛኛው የሚከተሉት አንቺን ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ስቴቶች እነሱን ታክስ የምታደርገው ሜሪላንድ ብቻ ናት።

የፌደራሉ ኬ ዋን ይሄን አይለይልሽም። ባለአደራውን የካሊፎርኒያውን ኬ ዋን፣ ማለትም ትረስቱ ለካሊፎርኒያ ከሚሞላው ፎርም 541 ጋር የሚወጣውን፣ ላክልኝ በዪው። እዚያ ላይ በቀኝ ጠርዝ ከካሊፎርኒያ የመነጨውን ብቻ የሚያሳይ አምድ አለ። የኛ ላይ የኪራዩ መስመር በዚያ አምድ ተሞልቷል፣ የወለዱና የአክሲዮኑ ባዶ ነው። አብረሽ ፎርም 592-ቢ ካለም ጠይቂ። ካሊፎርኒያ ለማይኖሩባት ሰዎች በዓመት ከ1,500 ዶላር በላይ የካሊፎርኒያ ገቢ ሲከፈል 7 በመቶ ተቀንሶ እንዲቀር ታዛለች። ከአንቺም ተቀንሶ ከሆነ ያ ወረቀት ማስረጃሽ ነው።

ለካሊፎርኒያ የምትሞዪው 540ኤንአር የሚባለውን፣ እዚያ ለማይኖሩ ሰዎች የተዘጋጀውን ፎርም ነው። ፎርሙ ሜሪላንድ የምታገኚውን ደሞዝ ጭምር ይጠይቅሻል፤ እንዳትደነግጪ። ደሞዝሽን ታክስ ሊያደርጉት አይደለም። በጠቅላላ ገቢሽ የታክሱን መቶኛ ያወጡና የካሊፎርኒያው ድርሻ ላይ ብቻ ያስከፍሉሻል። በዚሁ ምክንያት «ኪራዩ ትንሽ ነው» ብለሽ አትተዪው፤ የማስገባት ግዴታው የሚታየው በጠቅላላ ገቢሽም ጭምር ነው።

ካሊፎርኒያን ጨርሰሽ ነው ወደ ሜሪላንድ የምትመለሺው። ሜሪላንድ የምትኖሪባት ስለሆነች ኪራዩንም ጨምራ ሁሉንም ታክስ ታደርጋለች፤ ለካሊፎርኒያ ለከፈልሽው ግን በፎርም 502ሲአር ክሬዲት ትሰጥሻለች፤ ማለትም ከሜሪላንድ ታክስሽ ላይ ትቀንስልሻለች። የምትጽፊው የካሊፎርኒያ ፎርም ላይ የወጣውን ትክክለኛ ታክስ ነው እንጂ ተቀንሶ የቀረውን 7 በመቶ አይደለም። የዚያን ፎርም ኮፒም አያይዢ። ክሬዲቱ ሜሪላንድ ራሷ በዚያ ገቢ ላይ ከምታስከፍለው አይበልጥም።

እዚህ ላይ ታክስ ሰሪሽን በደንብ ጠይቂው፦ ክሬዲቱ የካውንቲውንም ታክስ ይነካል ወይ? ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ ይወስዳል። ድሮ ሜሪላንድ ለካውንቲው ድርሻ ክሬዲት አትሰጥም ነበር። ዊን የሚባሉ የሃዋርድ ካውንቲ ባልና ሚስት ተከራክረው፣ በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ፈረደላቸው። ያ መብት ዛሬ የአንቺም ነው፤ ገንዘብሽን ጥለሽ አትሂጂ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ለእናንተ ነገሩ ይገለበጣል። ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ በተለየ አሠራር ስለሚሄዱ ክሬዲቱን የምትጠይቁት በካሊፎርኒያው ፎርም ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቨርጂኒያን ሥሩ።

ሌላው፣ የትረስቱ ኬ ዋን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ትረስቱ ማራዘሚያ ከጠየቀ በፈረንጆቹ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ሊቆይ ይችላል። አንቺም ማራዘሚያ ጠይቂ፤ ግን ማራዘሚያው ለወረቀቱ ነው እንጂ ለክፍያው አይደለም፤ የገመትሽውን እስከ ኤፕሪል 15 ክፈዪ።

ቤቱን ለመሸጥ ካሰባችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ባለአደራውን አነጋግሩት። የሽያጭ ትርፍ አብዛኛውን ጊዜ በትረስቱ ላይ ታክስ ይደረጋል፤ ትረስቱ በሚዘጋበት ዓመት ግን ወደ እናንተ ይተላለፋል። ያን ዓመት ካሊፎርኒያ የምትጠይቅሽ ታክስ ከኪራዩ ጊዜ በጣም ሊበዛ ስለሚችል ገንዘቡ እጅሽ እንደገባ የታክሱን ለይተሽ አስቀምጪ።