ለፍልስፍና ብዬ ሥራ ልልቀቅ?

ጠያቂያችን በአካውንቲንግ ተመርቃ ሙሉ ቀን ቢሮ ትውላለች፤ ማስተርሷን ግን በፖለቲካ ፍልስፍና መማር ትፈልጋለች። «በኋላ አነባቸዋለሁ ብዬ ስልኬ ላይ ያስቀመጥኳቸው ጽሑፎች ስልሳ አለፉ። ማታ ስከፍታቸው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ለአንድ ዓመት ሥራ ልልቀቅና ላንብብ?» ትላለች።

እህቴ፣ ሥራሽን አትልቀቂ። ጊዜ ስለተገኘ ብቻ አይነበብም። ጣሊያናዊው የፖለቲካ ጸሐፊ ማኪያቬሊ እ.ኤ.አ. በ1512 ፍሎረንስ ውስጥ ከነበረው ሹመት ተባረረና በኋላ ገጠር ገባ። ሥራ ፈት ነው፣ ቀኑ የራሱ ነው። በዲሴምበር 1513 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ግን ቀኑን እንጨት ሲያስቆርጥ፣ ከዚያም መጠጥ ቤት ከሥጋ ሻጩና ከባለ ወፍጮው ጋር ሲቆምርና ሲጨቃጨቅ እንደሚውል ይነግረዋል። ቁም ነገሩ የማታው ንባብ ነው፦ ጭቃ የነካውን ልብስ በር ላይ አውልቆ፣ የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ለአራት ሰዓት ያህል ከጥንት ጸሐፍት ጋር። ከዚያ ንባብ በያዘው ማስታወሻ ስለ መሳፍንት አገዛዝ ትንሽ መጽሐፍ እንደጻፈም እዚያው ያነሳል። ላንቺ የሚጠቅምሽ ይሄ የመጨረሻው ነው።

አራት ሰዓት አልጠይቅሽም። ሃያ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ጠዋት ይሁን፣ የቢሮ ኢሜይል ሳይከፈት። የደከመ አእምሮ ዜና ይችላል፣ እንግሊዛዊውን ፈላስፋ ሆብስን አይችልም።

ለወሩ አንድ አጭር ጽሑፍ ብቻ ያዢ። እኔ ብሆን በሆብስ «ሌቪያታን» (እ.ኤ.አ. 1651) 13ኛ ምዕራፍ እጀምራለሁ። ጥቂት ገጽ ነው፤ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። አውርጂውና ዳታሽን ዝጊ። ሆብስ ሰዎች በተፈጥሯቸው እኩል ናቸው ይላል፤ ደካማውም በተንኮል ወይም ከሌሎች ጋር አብሮ ብርቱውን መግደል ይችላልና። ከእኩልነቱ እኩል ተስፋ፣ ከተስፋው የአንድ ነገር ሽሚያ፣ ከሽሚያው ጠላትነት ይወለዳል። እኛ የሰላም መሠረት የምንለውን እሱ የጠብ ምንጭ አደረገው! አካውንታንት ነሽ፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አታሳልፊም። እዚህም በየእርምጃው «ደረሰኝህ የታለ?» በይው፤ ያጠራጠረሽን ቦታ በራስሽ ቃል ጻፊው።

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚወጣው የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ በባለሙያዎች የሚጻፍና የሚገመገም ነው፤ ቢሆንም ከዋናው ጽሑፍ በኋላ ክፈቺው። ቀድመሽ ካየሽው የሌላ ሰው ጥያቄ ይዘሽ ትገቢያለሽ።

ወደ ማመልከቻው ስንመጣ፣ ብዙ የትምህርት ክፍሎች የጽሑፍ ናሙና ይጠይቃሉ። ከሌላ መስክ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ከዲግሪው ይልቅ የሚናገርለት እሱ ነው። በየወሩ አንድ ገጽ ብትጽፊ፣ በስድስተኛው ወር ከስድስቱ አንዱን መርጠሽ ታሳድጊዋለሽ። «ብዙ አንብቤያለሁ» የሚል ማመልከቻማ ስንቱን አየሁ መሰለሽ!

ስልሳዎቹ ለጊዜው እዚያው ይቀመጡ። ከሆብስ ጋር ስትጨርሺ አንዱን ክፈቺ፤ ለምን እንዳስቀመጥሽው ካላስታወስሽ አጥፊው።