ድሬዳዋ ላይ ሠራተኛ ስትቀጥሩ የጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ ግቡ

ውጭ የምትኖሩ ወገኖች፣ ድሬዳዋ ላይ ብረታ ብረት ቤት ወይም ብሎኬት ማምረቻ ስትከፍቱ ለማሽኑና ለመኪናው ኢንሹራንስ ትገባላችሁ፤ ማሽኑ ላይ የሚቆመው ልጅ ግን ይረሳል። ሥራውን በውክልና የሚመራው ወንድማችሁ ቢሆንም፣ ድርጅቱ የእናንተ እስከሆነ ድረስ አሠሪው እናንተ ናችሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። «ሥራ ላይ» የሚለውም ሰፊ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሥራ ቆሞ፣ እዚያው ግቢ ጥላ ሥር ጋደም ባለ ሠራተኛ ላይ የተደረደረ ብሎኬት ቢናድበት ይቆጠራል። ከሳቢያን መልካ ጀብዱ እንዲያመላልስ በተከራያችሁት ሚኒባስ ውስጥ ቢጎዳም እንዲሁ።

በወር 9,000 ብር የሚከፈለውን በያጅ እንውሰድ። ተጎድቶ ዓመት ሙሉ ሥራ ቢያቆም፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩትን 6 ወራት ቢያንስ ግማሹን ያገኛል፤ በድምሩ 74,250 ብር። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካሉ ከዚህ ውጭ ነው። በጡረታ ሕግ የማይሸፈን ሆኖ ለዘለቄታው መሥራት ካቃተው ወይም ከሞተ፣ ካሳው የ5 ዓመት ደመወዝ፣ 540,000 ብር ነው። ኢንሹራንሱ የሚሸከምላችሁ ይህንን ነው።

አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ክፍያ) የሚሰላው በሥራው ዓይነትና በዓመቱ ጠቅላላ ደመወዝ ነው። አረቦን ለመቀነስ ብላችሁ 9,000ውን 4,000 ብላችሁ ብታስመዘግቡና የኢንሹራንስ ኩባንያው በዚያው ልክ ቢከፍል፣ ከ540,000ው 300,000 ብር ከኪሳችሁ ይወጣል። የቀን ሠራተኞችንና «ዘመድ ነው» ተብሎ ያለ ውል የሚሠራውንም አስመዝግቡ። የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኞች በፖሊሲው (በኢንሹራንስ ውሉ) መካተታቸውን ጠይቃችሁ በጽሑፍ አሰፍሩ።

ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከገባ አሠሪው ተጠያቂ አይሆንም። በዚህ ግን አትተማመኑ። የ4 ኢንች ተኩል ግራይንደር (የብረት መቁረጫ ማሽን) በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የ7 ኢንች ዲስክ የሚችለው 8,500 አካባቢ ነው። የትንሹን ማሽን መከላከያ ሽፋን ፈትቶ ትልቁን ዲስክ ማሰር በየወርክሾፑ የተለመደ ነው፤ ዲስኩ ሲፈነዳ ስባሪው ፊት ላይ ይመጣል። ማሽኑን ያለ ሽፋን ሲያሠራ የኖረ አሠሪ «ነግሬው ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል? መነጽር ስትሰጡ አስፈርሙ፣ መመሪያውን በሚገባቸው ቋንቋ ጻፉ፣ ሽፋን የሌለውን ማሽን ከሥራ አውጡ።

አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥቶ ቅርብ ወዳለ ሐኪም ቤት ማድረስ ግዴታችሁ ነው። ከዚያ ወዲያው ለኢንሹራንሱና ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሳውቁ፤ የሕክምና ማስረጃውን፣ ደረሰኙንና የደመወዝ መክፈያውን ያዙ። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው።

ብዙ ነገር የሚበላሸው ሽማግሌ ሲገባ ነው። ሽምግልናው ደግ ነገር ነው፤ ቤተሰቡን መጠየቅም ይገባል። ነገር ግን ፖሊሲዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያው ሳያውቅ ኃላፊነት ማመንን ወይም ካሳ ቃል መግባትን ይከለክላሉ። ወንድማችሁ በዚያው ምሽት «200,000 እንሰጣለን» ብሎ ከፈረመ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል፤ ቤተሰቡም በሕግ ከሚገባው በታች ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ውክልናው ላይ ኢንሹራንስ መዋዋልና ማሳደስ፣ አደጋ ማሳወቅም እንደሚችል፣ ስለ ካሳ ግን ሳያማክራችሁ መዋዋል እንደማይችል ለይታችሁ አስጽፉ።